ኤሪክ ክላፕተን ከባንድ ወደ ባንድ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው፤ የኛን ስጠቅስ «ዓ.ም.» እጨምርበታለሁ።

ኤሪክ ክላፕተን ማን ነው?

እንግሊዛዊ ጊታሪስት፣ ድምፃዊና የዘፈን ደራሲ ነው። ማርች 30 ቀን 1945 በሰሪ አውራጃ፣ ሪፕሊ በምትባል መንደር ተወለደ። በሬዲዮ ብቻ የሚያውቁት ሰዎች ለስለስ ያለ የፍቅር ዘፈን ዘፋኝ ይመስላቸዋል። አይፈረድባቸውም፤ እኔም መጀመሪያ የሰማሁት እንደዚያ ነው። የ1966ቱን ክላፕተን የሰማ ሰው ግን ሌላ ሰው ነው የሚያገኘው፤ ጊታሩን እስኪያጓራ ድረስ ከፍ አድርጎ፣ ድምፆቹን እያስለቀሰ የሚጫወት የ21 ዓመት ጎረምሳ።

በአሜሪካ ክሊቭላንድ ከተማ ያለው የሮክ ኤንድ ሮል የዝና አዳራሽ ሦስት ጊዜ የመዘገበው ብቸኛ ሙዚቀኛ እሱ ነው፦ በ1992 ከያርድበርድስ ጋር፣ በ1993 ከክሪም ጋር፣ በ2000 ደግሞ በራሱ ስም።

ጊታር ማን አስተማረው?

ማንም። በ13 ዓመቱ አያቶቹ ሆየር የሚባል ጀርመን ሠራሽ ጊታር ገዙለት። የብረት ክሮቹን መጫን ስለከበደው ጥቂት ታግሎ ተወው፤ ከሁለት ዓመት ገደማ በኋላ እንደገና አነሳው። የተማረው ከሸክላ ነው። አንዲት ትንሽ የቴፕ መቅጃ ነበረችው። የሰማውን ይጫወትና ይቀዳል፣ የቀዳውን ከሸክላው ጋር ያስተያያል፣ ካልገጠመ ደግሞ እንደገና። መጽሐፍም ኖታም የለም። አዲስ አበባ ውስጥ በካሴት «ሪዋይንድ» ጊታር የተማረ ሰው ይህን ሲሰማ ፈገግ ማለቱ አይቀርም። በኪንግስተን የሥነ ጥበብ ኮሌጅ ሥዕል ሊማር ገብቶ ነበር፤ ልቡ ጊታሩ ላይ ስለነበረ ከአንድ ዓመት በኋላ አሰናበቱት።

ከሙዚቃው ጀርባ አንድ የቤተሰብ ምስጢር አለ። እናቱ በ16 ዓመቷ ነበር የወለደችው፤ አባቱ ከጦርነቱ በኋላ አገሩ የተመለሰ ካናዳዊ ወታደር ነው። ያሳደጉት አያቶቹ ሲሆኑ «እማዬ፣ አባዬ» እያለ የሚጠራቸው እነሱን፣ እናቱን ደግሞ እንደ እህቱ ነበር የሚያያት። እውነቱን ያወቀው በዘጠኝ ዓመቱ ነው። የሙዚቀኛን ሥራ በልጅነት ቁስል መተርጎም አልወድም፤ ዳሩ ግን የገባበትን ባንድ ሁሉ እየጣለ የወጣ ሰው ታሪክ ሲነገር ይህ ሳይነሳ አይታለፍም።

በስንት ባንድ ውስጥ ተጫውቷል?

ትንንሾቹን ጨምሮ ስምንት ያህል ነው፤ ሁሉም ደግሞ በስምንት ዓመት ውስጥ። በ1963 ከሩስተርስ ጋር ጀመረ፤ ከኬሲ ጆንስ ጋር ለጥቂት መድረኮች ብቻ ቆየ፤ በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ ያርድበርድስን ተቀላቀለ። በ1965 ወደ ጆን ሜዬል ብሉዝብሬከርስ ሄደ። በ1966 ክሪምን መሠረተ፣ በ1969 ብላይንድ ፌዝን። ከዚያ ዴላኒ እና ቦኒ ከሚባሉ ባልና ሚስት ኋላ ቆሞ አጃቢ ሆነ። በ1970 ዴሪክ ኤንድ ዘ ዶሚኖስን አቋቋመ፤ እሱም በ1971 ፈረሰ። ከዚያ ወዲህ ያለው ሁሉ በራሱ ስም ነው።

ቁጥሩን ስናየው ጉዳዩ ግልጽ ነው። ሰው በሚያውቀው ባንድ ውስጥ ከሁለት ዓመት ተኩል በላይ ቆይቶ አያውቅም።

«ስሎውሃንድ» ለምን ተባለ? እጁ ዘገምተኛ ነው እንዴ?

አይደለም። ያርድበርድስ ሳለ ቀጫጭን ክሮች ይጠቀም ስለነበር መድረክ ላይ ቶሎ ቶሎ ይበጠሱበታል። ሌላ ጊታር ስላልነበረው እዚያው ቆሞ ክር ሲቀይር ታዳሚው ቀስ ብሎ፣ እኩል ምት እየጠበቀ ያጨበጭብ ነበር፤ እንግሊዞች ትዕግሥታቸው ሲያልቅ የሚያጨበጭቡት ጭብጨባ ነው። የባንዱ ሥራ አስኪያጅ ጆርጆ ጎመልስኪ ያንን ጭብጨባ ከስሙ ጋር አጫውቶ «ስሎውሃንድ» አለው። በእንግሊዝኛ ጭብጨባ «ክላፕ» መሆኑን ካስታወስን ቀልዱ ይገባናል። በኋላ እሱ ራሱ ስሙን ወዶት የ1977 አልበሙን ሰይሞበታል።

ያርድበርድስ ሊሳካላቸው ሲል ለምን ጥሏቸው ወጣ?

ስለተሳካላቸው። ባንዱ የብሉዝ (የጥቁር አሜሪካውያን ሙዚቃ) ባንድ ነበር። በ1965 ግን ግራሃም ጉልድማን የሚባል ወጣት የጻፈውን «ፎር ዩር ላቭ» ቀረጹ፤ በሃርፕሲኮርድ (ፒያኖ መሰል የድሮ መሣሪያ) የሚጀምር፣ ለገበያ የተሠራ ዘፈን ነው። የክላፕተን ጊታር እዚያ ውስጥ የሚሰማው መሐል ላይ ለጥቂት ጊዜ ብቻ ነው። ነጠላ ዜማው እንግሊዝ አገር ሦስተኛ ደረጃ ደረሰ፤ እሱ ግን ዘፈኑ በወጣበት ሰሞን ባንዱን ለቆ ነበር። ብሉዝ መጫወት ነበር የፈለገው።

በእሱ ቦታ የተጠየቀው ጂሚ ፔጅ ነበር፤ ፔጅ እምቢ ብሎ ጄፍ ቤክን ጠቆማቸው። ፔጅም በኋላ ገባ። በዚህም ምክንያት ሮክ ካፈራቸው ትልልቅ ጊታሪስቶች ሦስቱ በአንድ ባንድ ተራ በተራ አልፈዋል።

«ክላፕተን አምላክ ነው» የሚለው ጽሑፍ ከየት መጣ?

ለንደን ውስጥ ግድግዳ ላይ በቀለም ተጽፎ የታየ ነው። ያን ጊዜ አድናቂዎቹን ያሳበደው ከጆን ሜዬል ጋር የሠራው ሥራ ነበር። በጁላይ 1966 የወጣው አልበም ሽፋኑ ላይ ክላፕተን «ቢኖ» የተባለውን የልጆች መጽሔት እያነበበ ይታያል፤ ስለዚህ ጊታሪስቶች እስከ ዛሬ «የቢኖ አልበም» ነው የሚሉት።

ምን አዲስ ነገር ነበረው? ድምፁ። ጊብሰን ሌስ ፖል ጊታሩን በማርሻል አምፕሊፋየር (የድምፅ ማጉያ) ሰክቶ ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፈተው። አምፕሊፋየር ከአቅሙ በላይ ሲገፋ እያንዳንዱ ድምፅ ይወፍራል፣ ይረዝማል፣ ጠርዙ ይሻክራል። በዚያ ዘመን የስቱዲዮ ባለሙያ ይህን እንደ ብልሽት ነበር የሚያየው። ክላፕተን ድምፁን ቀንስ ሲሉት አልቀነሰም፤ ማይክሮፎኑን ራቅ አድርጋችሁ አስቀምጡት አለ። ጊብሰን ሌስ ፖልን በዚያ መልኩ ማምረት ካቆመ ዓመታት አልፈውት ነበር፤ እንደ ክላፕተን ባሉ ተጫዋቾች የተነሳ አሮጌዎቹ ተፈላጊ ስለሆኑ በ1968 እንደገና ማምረት ጀመረ። አልበሙ የተሠራበት ጊታር ግን በ1966 የክሪም ልምምድ ላይ ተሰረቀ።

ክሪም ለምን በሁለት ዓመት ፈረሰ?

ከመጀመሪያውም ሁለቱ ባላንጣዎች ነበሩ። ከበሮ መቺው ጂንጀር ቤከር አብረን ባንድ እናቋቁም ብሎ ሲመጣ ክላፕተን «ጃክ ብሩስ ቤዝ ይጫወት» የሚል ቅድመ ሁኔታ አቀረበ። ቤከርና ብሩስ ከዚያ በፊት በአንድ ባንድ ውስጥ እስከ መደባደብ የደረሱ መሆናቸውን አላወቀም። እሳትና ጭድ ናቸው። ሙዚቃው ግን የሚነደው በዚያው እሳት ነው። ሦስት ሰው ብቻ፣ ማንም ለማንም አጃቢ ያልሆነበት፣ ሦስቱም በአንድ ጊዜ ሶሎ የሚጫወቱ ይመስላሉ። ኒው ዮርክ ውስጥ በሜይ 1967 የቀረጹትን «ዲዝራይሊ ጊርስ» አልበም ብትሰሙ «ሰንሻይን ኦፍ ዩር ላቭ» ላይ ያለችውን ሪፍ (ተደጋጋሚ የጊታር ሐረግ) ታገኛላችሁ፤ ጊታር የያዘ ጀማሪ ሁሉ የሚሞክራት ናት።

ዝናው ሲጨምር ድምፁም ጨመረ። እያንዳንዱ የአምፕሊፋየር ቁልል ይጨምራል፣ ሌላውም ይጨምራል። ክላፕተን አንድ ቀን መሐል ላይ መጫወት አቁሞ ሁለቱ እንዳላስተዋሉት ራሱ ይተርካል። በ1968 ሁለት ነገሮች ተደራረቡበት። «ሮሊንግ ስቶን» መጽሔት ላይ የወጣ ሒስ የተለመዱ የብሉዝ ሐረጎችን የሚደጋግም አድርጎ አቀረበው፤ ደግሞም «ዘ ባንድ» የተባሉት ሙዚቀኞች የመጀመሪያ አልበማቸውን አወጡ፤ ረጋ ያለ፣ ማንም ማንንም የማይጫንበት። ክላፕተን ያንን ሲሰማ «እኔ የምሠራው ምንድን ነው?» አለ። ኖቬምበር 26 ቀን 1968 ለንደን ሮያል አልበርት አዳራሽ ውስጥ ተሰናበቱ። በ2005 እዚያው አዳራሽ ለአራት ምሽት፣ ኒው ዮርክ ላይ ደግሞ ለሦስት ምሽት እንደገና ተገናኝተው ተጫውተዋል። ብሩስ በ2014፣ ቤከር በ2019 አርፈዋል።

ብላይንድ ፌዝስ?

አንድ አልበም፣ አንድ በጋ። ክላፕተን፣ ስቲቭ ዊንውድ፣ ሪክ ግሬች እና (እሱ ባልጋበዘው) ጂንጀር ቤከር። በጁን 1969 ለንደን ሃይድ ፓርክ ውስጥ እጅግ ብዙ ሕዝብ ፊት ጀመሩ፤ አሜሪካን ዞሩ፤ ተበተኑ። የዊንውድ ድምፅ ብቻ እንኳ አልበሙን ለመስማት በቂ ምክንያት ነው።

«ዴሪክ» የሚባል ሰው አለ?

የለም፤ ዴሪክ ራሱ ክላፕተን ነው። በ1970 ስሙ ከሙዚቃው ቀድሞ መሄዱ መሮት ስለነበር ከዴላኒና ቦኒ ባንድ የወሰዳቸውን ሦስት ሙዚቀኞች (ቦቢ ዊትሎክን፣ ካርል ራድልን፣ ጂም ጎርደንን) ይዞ በተደበቀ ስም በትንንሽ አዳራሾች መጫወት ጀመረ። ጥሩ መደበቂያ ሆነና አልበሙ ሲወጣ ገዢ ጠፋ። የሸክላ ኩባንያው ተጨንቆ «ዴሪክ ማለት ኤሪክ ነው» የሚል የደረት ባጅ አሠርቶ አደለ።

ሌይላ ማን ናት?

በዶሚኖስ አልበም ላይ ያለችው የታወቀች ዘፈን ናት፤ ስሟ የተወሰደው በ12ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ባለቅኔ ኒዛሚ ከጻፈው የሌይላና የመጅኑን ታሪክ ነው። ልጅቷን ለሌላ ይድሯታል፤ ወጣቱ በፍቅሯ አእምሮውን ስቶ በረሃ ይገባል። በእውነተኛው ሕይወት ሌይላ የተባለችው ፓቲ ቦይድ ናት፤ የክላፕተን የቅርብ ወዳጅ የነበረው የቢትልሱ ጆርጅ ሃሪሰን ሚስት። ክላፕተን በ1968 የሃሪሰን ዘፈን ላይ ጊታር ተጫውቶለታል፤ «ባጅ» የተባለውን የክሪም ዘፈንም አብረው ጽፈዋል። እንግዲህ ለጓደኛው ሚስት የተዘፈነ ዘፈን መሆኑ ነው። ወይ ጉድ! በ1979 ተጋቡ፣ በ1989 ተፋቱ፤ የሚገርመው ሃሪሰንና ክላፕተን ጓደኝነታቸው አልተበጠሰም።

በ«ሌይላ» ላይ ሁለት ጊታር ይሰማኛል፤ የትኛው የማን ነው?

ጥሩ ጆሮ አላችሁ። ክላፕተን ፌንደር ስትራቶካስተር፣ ዱዌን ኦልማን ደግሞ ጊብሰን ነው የሚጫወቱት። ኦልማን የባንዱ አባል አልነበረም። አልበሙ ማያሚ ውስጥ ሲቀረጽ ፕሮዲውሰሩ ቶም ዳውድ ክላፕተንን የኦልማን ብራዘርስን ኮንሰርት ወሰደው፤ ሁለቱ እዚያው ተዋደው ስቱዲዮ ገቡ። ጣት ላይ በሚጠለቅ ብርጭቆ ክሩን እያንሸራተተ የሚያስጮኸው፣ ወደ መጨረሻው እንደ ወፍ የሚንጫጫው ኦልማን ነው። ግዙፍ አምፕሊፋየሮቹም በዚህ አልበም የሉም፤ የተጠቀሙት ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጡ ትንንሾቹን ነው።

መጨረሻ ላይ የሚመጣው የፒያኖ ክፍል በከበሮ መቺው በጂም ጎርደን ስም ነው የተመዘገበው። ድምፃዊቷ ሪታ ኩሊጅ ግን «ዜማው የእኔም ነው» ስትል ኖራለች።

ከ1971 እስከ 1974 የት ጠፍቶ ነበር?

ቤቱ ተዘግቶ፣ ከሄሮይን ጋር። ጂሚ ሄንድሪክስ በሴፕቴምበር 1970 ሞተ፤ ያሳደገው አያቱ በዚያው ዓመት አረፈ፤ ኦልማን በኦክቶበር 1971 በሞተር ሳይክል አደጋ በ24 ዓመቱ አለፈ። ዶሚኖስም ሁለተኛ አልበም ሲቀርጹ ተጣልተው ተበተኑ። ክላፕተን በእነዚያ ዓመታት ሕዝብ ፊት የወጣው ለጥቂት ጊዜ ብቻ ነው፦ በኦገስት 1971 ሃሪሰን ኒው ዮርክ ላይ ባዘጋጀው ለባንግላዴሽ ረድኤት በተደረገው ኮንሰርት፣ በጃንዋሪ 1973 ደግሞ «ዘ ሁ» የተባለው ባንድ ጊታሪስት ፒት ታውንሸንድ ከቤት ጎትቶ ባወጣው የለንደኑ የሬይንቦ መድረክ።

ከሄሮይን ሲወጣ አልኮል ተተካ። ከዚያ ለመላቀቅ ሁለት ጊዜ ማገገሚያ ገብቷል፤ የመጨረሻው በ1987 ነው። በ1998 በካሪቢያኗ አንቲጓ ደሴት ክሮስሮድስ የተባለ ማገገሚያ አቋቋመ። ጊታሮቹን በጨረታ የሸጠውም ለዚሁ ነው።

ብቻውን ከሠራቸው አልበሞች በየትኛው ልጀምር?

ሦስት ልጥቀስ። «461 ኦሽን ቡሌቫርድ» (1974)፣ ርዕሱ ማያሚ አጠገብ ተቀምጦበት የነበረው ቤት አድራሻ ነው፤ ከዝምታው ዓመታት በኋላ የተመለሰበት ነው። ውስጡ የቦብ ማርሊ «አይ ሾት ዘ ሸሪፍ» አለ። ዘፈኑን ክላፕተን መጀመሪያ ሊያወጣው አልፈለገም ነበር፤ አሜሪካ ላይ አንደኛ ወጣ፣ ማርሊንም ለብዙ አሜሪካዊ ጆሮ አስተዋወቀው። «ስሎውሃንድ» (1977) ሁለተኛው ነው፤ «ወንደርፉል ቱናይት» የምትገኘው እዚያ ነው። ፓቲ ለግብዣ ልብስ መርጣ እስክትጨርስ ታች ቁጭ ብሎ ሲጠብቅ የጻፋት ናት። ሚስቱን በር ላይ ሲጠብቅ ያረፈደ ባል ሁሉ ያውቃታል።

ሦስተኛው «አንፕለግድ» (1992)፣ በእንጨት ጊታር ብቻ። በጣም የተሸጠለት አልበም ነው፤ በማግስቱ ዓመት ክላፕተን በአንድ ምሽት ስድስት የግራሚ ሽልማት ወስዷል። ጊታር መስማት የሚፈልግ ሰው ግን ከእነዚህ አይጀምር፤ ከ«ፍሮም ዘ ክሬድል» (1994) ይጀምር። ከዳር እስከ ዳር ብሉዝ ነው።

የሚዘፍናቸው ዘፈኖች የራሱ ናቸው?

ብዙዎቹ አይደሉም። «አፍተር ሚድናይት» እና «ኮኬይን» የኦክላሆማው ጄ.ጄ. ኬል ናቸው፤ «ክሮስሮድስ» የሮበርት ጆንሰን፤ «ሸሪፉ» የማርሊ፤ የ1996ቱ «ቼንጅ ዘ ወርልድ» ደግሞ ሦስት ሌሎች ሰዎች የጻፉት። ይህን እንደ ጉድለት የሚያዩ አሉ። እኔ አላይም። ክላፕተን በመሠረቱ የሌላን ሰው ዜማ አፍቅሮ መልሶ የሚያቀነቅን ነው፤ ምንጩንም አይደብቅም። ከኬል ጋር በ2006 ሙሉ አልበም ሠርቷል፤ ከቢ.ቢ. ኪንግ ጋርም በ2000።

«ቲርስ ኢን ሄቨን» በእውነተኛ ታሪክ ላይ ነው የተመሠረተችው?

አዎ። ማርች 20 ቀን 1991 የአራት ዓመት ልጁ ኮነር ኒው ዮርክ ውስጥ ከ53ኛ ፎቅ መስኮት ወድቆ ሞተ። ዘፈኑን ከዊል ጄኒንግስ ጋር ለአንድ ፊልም ማጀቢያ ነበር የጻፉት። ለዓመታት ሲጫወታት ቆይቶ በ2004 አካባቢ አቆመ፤ ያን ሐዘን ዛሬ እንደዚያ አልሰማውም፣ ሳይሰማኝ መዝፈን ደግሞ አልፈልግም ነበር ምክንያቱ። በኋላ መልሶ ተጫውቷታል።

ለኢትዮጵያ ድርቅ በተደረገው ኮንሰርት ላይ ነበር?

ነበር። ጁላይ 13 ቀን 1985፣ በእኛ ሐምሌ 6 ቀን 1977 ዓ.ም.፣ «ላይቭ ኤድ» ለንደንና ፊላዴልፊያ ላይ በአንድ ቀን ተካሄደ። ክላፕተን የተጫወተው ፊላዴልፊያ ስታዲየም ነው፤ ሦስት ዘፈን፦ ከክሪም ዘመን «ዋይት ሩም»፣ በዚያ ዓመት ከወጣው አልበሙ «ሺስ ዌይቲንግ»፣ መጨረሻ ላይ «ሌይላ»። ከኋላው ከበሮ ከመቱት አንዱ ፊል ኮሊንስ ነበር፤ ለንደን ተጫውቶ፣ በኮንኮርድ አውሮፕላን አትላንቲክን ተሻግሮ የደረሰ።

አንዳንዴ «ለዚያው ድርቅ በተዘፈነው የባንድ ኤድ የገና ዘፈን ላይም አለ» ሲባል እሰማለሁ። የለበትም።

«ብላኪ» የሚሉት ጊታር ምንድን ነው?

ጥቁር ፌንደር ስትራቶካስተር ነው፤ ግን አንድ ጊታር አይደለም። በ1970 ናሽቪል ውስጥ አንድ ሱቅ ስድስት አሮጌ ስትራቶች በርካሽ ገዛ። ሦስቱን ለሃሪሰን፣ ለዊንውድና ለታውንሸንድ ሰጠ፤ የቀሩትን ሦስት ፈትቶ የየአንዱን ምርጥ አካል ገጣጥሞ ብላኪን ሠራ። እስከ 1985 ዋና ጊታሩ ነበር። በ2004 ጨረታ 959,500 ዶላር አወጣ። «ሌይላ»ን የተጫወተው ግን በሌላ ነው፤ «ብራውኒ» በሚባል ቡናማ የ1956 ስትራት።

ትዝታ እጫወታለሁ፤ የክላፕተንን ሶሎ ለመልመድ አዲስ ቅኝት መማር አለብኝ?

ጣቶቻችሁ ግማሹን መንገድ ሄደዋል። የትዝታ ሜጀር አምስቱ ድምፆች ከሲ ሲጀምሩ ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ፣ ኤ ናቸው። እነዚያኑ አምስት ድምፆች ይዛችሁ ቤታችሁን (የምትነሱበትንና የምታርፉበትን ድምፅ) ኤ ላይ ብታደርጉ የብሉዝ ጊታሪስቶች ቀን ከሌት የሚጫወቱት ማይነር ፔንታቶኒክ ይሆናል። ልዩነቱ ከሥር ያለው ኮርድ ነው። ብሉዝ ውስጥ ከሥር ኤ ሜጀር ሲሆን ከላይ የሲ ድምፅ ይመታል፤ ሁለቱ ይጋጫሉ፣ ያ ግጭት ነው ብሉዝን ብሉዝ የሚያደርገው።

በማርች 1968 ሳን ፍራንሲስኮ መድረክ ላይ የተቀረጸውን የክሪምን «ክሮስሮድስ» ክፈቱና ሁለቱን ሶሎ ስሙ። ክላፕተን ከማይነሩ ወደ ኤ ሜጀር ፔንታቶኒክ (ኤ፣ ቢ፣ ሲ ሻርፕ፣ ኢ፣ ኤፍ ሻርፕ፤ ማለትም ከኤ የሚነሳው ትዝታ) እየተመላለሰ ነው የሚጫወተው። እንዲያ ብታስቡት በሁለት ትዝታዎች መሐል መመላለስ ነው። የሚቀረው የክር መግፋት ነው። ድምፁን በጣት ገፍቶ ቀጣዩ ድምፅ ጋ ማድረስ፣ እዚያም ማንቀጥቀጥ። የማሲንቆ ተጫዋች ጣቱን ክሩ ላይ ሲያንሸራትት የሰማ ሰው ምን ለማለት እንደፈለግሁ ይገባዋል። በፍጥነት አትጀምሩ፤ ግፊቱ ካልደረሰ ፍጥነቱ ትርፍ የለውም።

በ1976 የተናገረው የዘረኝነት ንግግር እውነት ነው?

እውነት ነው። በኦገስት 1976 በርሚንግሃም መድረክ ላይ ሰክሮ፣ ስደተኞች ከእንግሊዝ ይውጡ የሚሉትን ፖለቲከኛ ኢኖክ ፓውልን ደግፉ እያለ ስድብ የተቀላቀለበት ነገር ተናገረ። ከጥቁሮች በተማረው ሙዚቃ የከበረ፣ ከሁለት ዓመት በፊት የማርሊን ዘፈን አንደኛ ያደረገ ሰው! በቁጣ የተነሱ ሰዎች ለሙዚቃ ጋዜጦች ደብዳቤ ጻፉ፤ «ሮክ በዘረኝነት ላይ» የተባለው ትልቅ ንቅናቄ የተወለደው ከዚያ ነው።

ስካር ነበር ይባላል። ስካሩ እውነት ነው፤ ነገር ግን ሳይሰክርም ለዓመታት ፓውልን ሲከላከል ቆይቷል። ማፈሩን በግልጽ የተናገረው በ2018 አካባቢ ስለ ሕይወቱ የተሠራ ዘጋቢ ፊልም ሲታይ ነው። ሙዚቃውን ስሙ ወይም አትስሙ አልልም። እኔ እሰማለሁ፤ የበርሚንግሃሙንም አልረሳም።

በባንድ ውስጥ ይሻላል ወይስ ብቻውን?

በዚህ ጥያቄ ስንት ቡና ፈልቷል። የእኔ መልስ፦ የሚገፋው ሰው ሲኖር ይሻላል። ክሪም ውስጥ ብሩስና ቤከር አያስተኙትም ነበር። «ሌይላ» ላይ ኦልማን ከጎኑ ሆኖ አንድ ሐረግ ሲጥል ክላፕተን ከዚያ የተሻለ ማምጣት ነበረበት። በራሱ ስም ሲሠራ ቀጥሮ የሚያመጣቸው ሙዚቀኞች ምርጥ ናቸው፤ ግን ደመወዛቸውን ከእሱ ነው የሚቀበሉት። የ1980ዎቹን አንዳንድ አልበሞች ስሰማ የሚጎድለኝ ጊታር አይደለም፤ «አይ፣ እንደዚያ አይደለም» የሚለው ሰው ነው።

ተቃራኒውን የሚሉም አሉ። ድምፃዊ የሆነው፣ ዝምታን የተማረው፣ አንድ ድምፅ ይዞ መቆየት የቻለው ብቻውን ነው ይላሉ። «አንፕለግድ»ን ጠቅሰው ሲከራከሩኝ ብዙ መልስ የለኝም።

አሁንም ይጫወታል?

ይጫወታል። በ2016 ነርቮቹን የሚጎዳ ሕመም እንዳለበትና ጊታር መያዝ እንደከበደው ተናግሮ ብዙዎች ያበቃለት መስሏቸው ነበር። በኮሮና ዘመን ደግሞ በክትባትና በእንቅስቃሴ ገደቡ ላይ ያወጣቸው ዘፈኖችና አስተያየቶች ከብዙ ወዳጆቹ አቃቅረውታል። እንዲያም ሆኖ በ2023 ሎስ አንጀለስ ላይ ክሮስሮድስ የተሰኘውን የጊታር ፌስቲቫሉን አዘጋጅቷል፤ በ2024 «ሚንዋይል» የተባለ አልበም አውጥቷል። አሁን መድረክ ላይ ብዙ ጊዜ መሐል ላይ ተቀምጦ የእንጨት ጊታር ይጫወታል፤ ከዚያ ተነስቶ ስትራቱን ያነሳል፣ አምፕሊፋየሩም ድሮ እንደሚያደርገው አይጮህም።